የጥይት አቀባዩ ቦታ

ረቡዕ፣ ኅዳር 17፣ ኮኪት

ተበታትኖ በሣጥን የመጣውን የፕላስቲክ መትረየስ ሞዴል ከነሁለት ወታደሮቹ ዛሬ ገጣጥሜ ጨረስሁት። ከአውራ ጣቴ አይበልጡም። የአንዱን ኮዳ ወገቡ ላይ ለመለጠፍ ብቻ የሰሊጥ አጫጆቹን ስልክ መጠገኔን ትቼ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። እጄን አምነዋለሁ፤ በዚህ አገር እንዲህ አድርጎ የሚሠራ የለም።

ጎረቤቴ ጋሽ ደሴ ወደ ሱቄ ሲገቡ ልሸፍነው ነበር። በወጣትነታቸው ዘምተዋል፤ ስለ ጦርነቱ ግን ለሚስታቸው እንኳ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ቀደሙኝና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ተሳስተሃል» አሉኝ።

«ምኑ ላይ ጋሼ? ከሣጥኑ ሥዕል ጋር አንድ በአንድ አመሳክሬዋለሁ እኮ።»

«ሥዕሉም ተሳስቷል። ጥይት አቀባዩን አራቅኸው። አቀባይ ከተኳሹ ክንድ አይለይም። እኔ አቀባይ ነበርሁ፤ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር።»

«የማን ትንፋሽ?»

ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ክፉ ነገር የነካሁ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«የአያሌው» አሉ ወደ ተኳሹ መለስ ብለው እያዩ። «የደንቢያ ልጅ ነው።»

ሙጫውን በምላጭ አላቅቄ አቀባዩን ከተኳሹ ጎን፣ ክንድ ለክንድ እስኪነካኩ አስጠጋሁት። «እንዲህ ነው?»

«እንዲያ ነው።»

ከዚያ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። አያሌው ዋና እንደማይችል፣ ወንዝ ሲሻገሩ ቀበቷቸውን ጨብጦ እየተሳደበ ይከተላቸው እንደነበር አወሩኝ። እንዴት እንደሞተ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እንዴት ይስቅ እንደነበር ግን ተነሥተው አሳዩኝ።