እሌኒ ብየዳ ገባች

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 1996 ዓ.ም.

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ወንዳወቅ፤ የሁመራ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ልጅዎ እሌኒ ትምህርት ቤታችን ውስጥ በተከፈተው የሙያ ክፍል ብየዳ ገብታለች። ውጤቷ መሰናዶ ያስገባት ነበር፤ ግን በወላጆች ስብሰባ «ሙያ ያለው አይራብም» እያልሁ ስሰብክ ከአዳራሽ ሙሉ ሰው ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት። የኔው ልጅ ፍጹም እንኳ መሰናዶ ገባ፤ ፎርሙን የሞላሁለት እኔ ነኝ።

የብየዳ መነጽሩ ለአሥራ አራት ተማሪ አንድ ነው። ስትመለስ ቃጠሎውን ያበርድልኛል ብላ ዓይኖቿ ላይ ጥሬ ድንች ቆርጣ ትለጥፋለች። ትናንት «ጋሼ፣ ድንቹን ለወጥ እንዳትጨርሱብኝ» ስትለኝ አብሬያት ሳቅሁ።

ደብዳቤዎን ራሷ ማንበብ ትወዳለችና፣ ሲመልሱ ፊደሉን ጎላ አድርገው ይጻፉላት።

እግዚአብሔር ዕድሜና ይቅር ባይ ልብ ይስጥዎ።

ታናሽዎ ትዕዛዙ