ለአርሴናል የተቀመጡት ለቅሶ

ጥቅምት 13

አርሴናል ተሸነፈ። ሌላ ምን ይጻፋል?

እስከ እረፍት እንደ ሰርግ ቤት ሲጨፍሩ ቆዩ። ከእረፍት በኋላ የሉም። ተከላካይ ተብዬዎቹ ኳስ ሲመጣ ለእንግዳ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ዞር ይላሉ። ኳስ ከምናይበት ከይኸነው ዲኤስቲቪ ቤት ስወጣ አበረ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል። "ወርቅአየሁ፣ ላድርስሽ? ከሐዘንተኛ ሒሳብ አልቀበልም።" የማንቼ ደጋፊ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ መታኝ።

እዚያ ቤት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። እሱን ለምደውታል። ሽንፈቱን እኔ አልለመድኩትም።

ጥቅምት 15

ሌላው ቤት ባል ኳስ ሲያይ ሚስት ታኮርፋለች አሉ። እኛ ቤት መምህር ነጋ፣ የፊዚክስ አስተማሪ፣ የቱርክ ድራማ እያየ ዓይኑን ይጠርጋል። እኔ ኳሴን ከጎረምሳ ጋር አግዳሚ ላይ ተጋፍቼ አያለሁ።

ዛሬ አብሬው ቁጭ አልኩ። አንዷ በር ከፍታ ገባች። ሙዚቃ። ሁሉም ተያዩ። ሙዚቃ። አለቀ። ከንፈሯ ተዘግቶ እንኳ አማርኛው ይቀጥላል።

"ታሪኩ ውስጥ ውስጡን ነው" አለኝ። ውስጡ ምን አለ?

ጥቅምት 20

ገበያ። እናቴ ድንቿን ሸጣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። የልብስ ስፌቱ ሱቅ ከፊት፣ ቤታችን ከጀርባ፣ መሐሉ አንድ በር ነው። በዚያ በር አንድ ቀን ገብታ አታውቅም።

"ግቢና ሻይ ጠጪ እንጂ እማዬ።"

"እዚሁ ይበቃኛል።"

ነጋ ሽማግሌ አልላከም። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን፣ አለቀ። "ልጄን በጓሮ በር ወሰዱብኝ" ያለችው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙን አትጠራም። ዛሬም ስትነሳ፣ "ያ አስተማሪው ደህና ነው?" ምን አስተማሪው... ባሌ አይደለም?

ማታ ለነጋ ስነግረው፣ "ጊዜ ይፈታዋል" አለኝ። እስካሁን ጊዜ ምን ፈታ? ሁለቱም ግትር፣ መሐላቸው እኔ። ሰለቸኝ።

ጥቅምት 24

ያከራዩኝን ልብ ወለድ ጨረስኩ። እስከ ማለቂያው ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ልጅቷን መኪና ገጫት። ለምን? ምን አጠፋች? ደራሲ መጨረሻው ሲጠፋው ሰው ይገድላል። መጽሐፉን ስመልስ ለአከራዩ ነገርኩት። "ያሳዝናል አይደል?" አለኝ። አያሳዝንም፣ ያናድዳል።

ኅዳር 3

ዳንግላ ለጨርቅ ሄጄ መጣሁ። አውቶብሱ ውስጥ ፊልም ከፈቱ። ደሃው ልጅ የሀብታሟን ልጅ ይወዳል። አባቷ ሽጉጥ አለው። ስንት ጊዜ ይሠሩታል ይህንን ፊልም? ቤቱ እንኳ አንድ ነው፣ ያው ደረጃ፣ ያው ሶፋ። መናኸሪያ ስንደርስ ሾፌሩ ከመሐል አጠፋው፤ የጮኸ ሰው የለም።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ግን ከልባቸው ተከታትለው ኖሯል። "ልጁ ሽማግሌ ቢልክ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር" አሉኝ።

እኔን ያውቁኛል እንዴ? ወርጄ ጋሪ ያዝኩ።

ኅዳር 11

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ትናንት አርሴናል ተዋረደ። ዛሬ ረፋዱ ላይ አበረ የማንቼ ደጋፊዎችን አስከትሎ ሱቄ ከች አለ። ሁሉም ጋቢ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አግዳሚውን አውጥተው ደጃፌ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አንደኛው ንፍሮ ይዟል። እውነተኛ ንፍሮ፣ እናቱ ቀቅላለት። "እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ በተራ። አበረ የአርሴናልን ዓርማ፣ መድፉን፣ እያነሳ ሙሾ አወረደ፦

"የለንደኑ ጌታ መድፍ ተሸክሞ፣
ሳይተኩስ ገባ አሉ ከሜዳው ላይ ታሞ።"

ምን ላድርግ? ሳቅኩ። ተናድጄም ሳቅኩ። ካልቀረ ብዬ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና ንፍሮውን ዘገንኩ። "ነፍስ ይማር።"

ገበያ መሆኑን ረስቻለሁ።

እናቴ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ድንቹን እንዳዘለች። ያየችው ጋቢ ያዘቀዘቀ ወንድ፣ ንፍሮ፣ ነጠላዬን ያዘቀዘቅኩትን እኔን ነው። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ድንቹን ለቀቀችው፣ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ደረቷን እየደቃች በቋንቋዋ፣ በአውንግኛ፣ እየጮኸች መጣች። አበረና ጓደኞቹ አውንግኛ አይችሉም። ስሙን ግን ሁሉም ሰማ።

"ነጋ" አለች። "ልጄ ነጋ፣ ሳልመርቅህ" አለች። "ደጅህ እየተቀመጥኩ፣ ሳልገባልህ" አለች።

አግዳሚውን አልፋ፣ እኔን አልፋ፣ በዚያ በር ገባች። አልጋው ላይ ፈለገችው። እሱ ትምህርት ቤት ነው።

"እማዬ፣ ማንም አልሞተም። አርሴናል ነው።"

"አርሴናል የማን ልጅ ነው?"

አበረ ጋቢውን አውልቆ በር ላይ ደርቆ ቀረ። "እማማ ይቅር ይበሉን፣ ኳስ ነው... ኳስ ነው" ይላል ደጋግሞ። ሲገባት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። አንዳችንንም አላየችም። "በደህና ሰው አስለቀሳችሁኝ" ብላ ወጣች። ድንቹን እንኳ አላነሳችም። ተከትያት ብሮጥ እጄን ገፋችው።

ኅዳር 12

ለነጋ ነገርኩት።

"ስሜን ጠራች?"

"ጠራች።"

"ልጄ ብላ?"

"ልጄ ነጋ ብላ።"

ድራማው ጀምሯል፣ አጠፋው። "ታዲያ ለመወደድ መሞት ነበረብኝ?" አለ። ቀልድ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው ቀልድ አልነበረም።

ኅዳር 18

ገበያ። አልመጣችም።

ኅዳር 25

ዛሬም አልመጣችም። ከሰፈሯ የመጣች ሴት ጠየቅኩ፣ "ደህና ናት፣ አፍራ ነው" አለችኝ። እሷ ምን ያሳፍራታል? የምናፍር እኛ። ንፍሮ የዘገንኩት እኔ።

ወደ ይኸነው ቤት መሄድ ትቻለሁ። አርሴናል አሸነፈ አሉኝ። እኔ የሌለሁ ቀን ነው የሚያሸንፈው።

ኅዳር 26

ይኸነው ራሱ ሱቅ ድረስ መጣ። ኳስ ቤት ይክፈት እንጂ ትልቅ ሰው ነው። "ያደረጋችሁት ሟርት ነው። አበረን ይዤ እናትሽ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ አስጠይቃለሁ" አለ። ነጋ ከጓዳ ወጣ። "እኔም እመጣለሁ።"

ይኸነው ላይ ታች አየው። "አንተ ከመጣህማ ለይቅርታ ብቻ አንሄድም። በወጉ ነው የምንሄደው።"

ነጋ እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። "በወጉ ይሁን" አለ።

ኅዳር 28

እናቴ ዘንድ ሄደው መጡ። የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤትና የማንቼ ባጃጅ ነጂ... የኔ ሽማግሌዎች እነዚህ ናቸው። ነጋ ለወጉ ከአጥር ውጭ ቆሞ ነበር፣ ብርድ መትቶታል።

ይኸነው እንደነገረኝ፣ መጀመሪያ ቁጭ በሉ እንኳ አላለቻቸውም።

"ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?"

"ልጅዎን ለነጋ እንዲሰጡን ነው።"

"ወስዷት የለም እንዴ?"

"በወጉ ይስጡን ብለን ነው።"

ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ዘመድ ላማክር፣ ቀጠሮ ያዙ።" ቀጠሮ! ያገባሁ ሴት፣ ቤት ያለኝ ሴት፣ ቀጠሮ ተሰጠብኝ። ነጋ ግን አልተከፋም። "እንዲህ ነው ደንቡ" ይለኛል፣ ከኔ ብሶ። ስንት ዓመት ዘመን ያለፈበት ነው ሲለኝ ከርሞ።

ታኅሣሥ 7

እናቴ ለነጋ ሰጠችኝ። አበረ ባጃጁን እያስጮኸ መጥቶ ነገረኝ። "ደግሞ እማማ፣ በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል ብለዋል" አለኝ። የይኸነውን እጅ ስማ እንደገና አልቅሳለች አሉ። ለምን እኔ በሌለሁበት? በራሴ ጉዳይ ከሜዳ ውጭ ሆኜ ውጤት የምጠብቅ እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 14

ገበያ አይደለም። ለኛ ብላ መጣች።

ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመች። ነጋ ወጥቶ ጉልበቷን ሳመ፣ ትከሻውን ይዛ ገባች። ሽሮ ሠርቻለሁ፣ ጾም ነው። እጇን ያስታጠባት እሱ ነው። "ነጋ፣ ይህ ቤት አይበርድህም?" "ነጋ፣ ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?" "ነጋ፣ ብላ እንጂ።" ስሙን ስትጠራ ዋለች። የኔን አንዴም አልጠራችም፤ ጨው እንኳ በእሱ በኩል ነው የጠየቀችኝ። ቅናት ነው እንዴ ይህ? ተናድጄ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። የምን ልቅሶ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ልትሄድ ስትል እሱ ፊቷ አጎነበሰ። ጭንቅላቱ ላይ እጇን አኑራ በአውንግኛ ቀስ ብላ መረቀችው። መጨረሻ ላይ፣ በአማርኛ፣ እንዲገባው፣ "ልጄ፣ አንተ ቅበረኝ" አለችው።

አበረ በር ላይ መጥቶ የዛሬውን ጨዋታ ውጤት ሊነግረኝ አፉን ከፈተ። ነገ ንገረኝ አልኩት።