ቀይ ሥሩ ነው

ዓርብ፣ የካቲት 6
የቃልኪዳን ቁርጭምጭሚት አልዳነም። አሸሁት፣ ጠቀለልሁት። "ነገ እጫወታለሁ" ትላለች። አትጫወትም።

አሰልጣኝ ብሥራት ስልኩን ይዞ መጣ። ቀይ ሥር ውስጥ ናይትሬት የሚባል ነገር አለ አለኝ። የደም ሥር ያሰፋል፣ ሮጣ አርፋ ደግማ ለምትሮጥ ተጫዋች ጉልበት ይቆጥባል። ጭማቂው በየቀኑ ይጠጣል፤ በጨዋታ ቀን ደግሞ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ። "ጥናት ነው፣ ወሬ አይደለም" ይላል። ይሁን... በሴቶች እግር ኳስ ሊጉ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነን፣ ምን እንመርጣለን?

ጨማቂው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ወጌሻ ሆኜ መጨረሻዬ ጁስ ቤት።

እሑድ፣ የካቲት 8
ከመሸንቲ አንድ ጆንያ ቀይ ሥር መጣ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ጠጡ። ከሰዓት በኋላ ከተጫዋቾቹ አንዷ፣ ሀኒ፣ ከሽንት ቤት እያለቀሰች ወጣች፣ ደም ሸናሁ ብላ። ሰብስቤ ነገርኋቸው፤ ሽንታችሁ ቢቀላ አትደንግጡ፣ ቀይ ሥሩ ነው። ሲስቁባት አመሹ።

ዓርብ፣ የካቲት 13
ሁዳዴም ረመዳንም በአንድ ሳምንት ገቡ። ብሥራት ቁርጡን ተናገረ። "ስፖርተኛ አይጾምም። ያልጠጣች አትሰለፍም።" ደብተር ላይ በየስማቸው ምልክት የማደርገው እኔ ነኝ።

እኔማ አልቀምሰውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ቃልኪዳን ናት የምትቀምስልኝ።

የግራ መስመር ተጫዋቻችን ሰሚሐ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ባዶውን መለሰች። የወረታ ልጅ ናት፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። "ጠጣሽ?" "ጠጣሁ ጋሼ።" ምልክት አደረግሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21
አንድ ለባዶ አሸነፍን! ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያችን። ኳሷን ያቀበለች ሰሚሐ ናት።

በሰባኛው ደቂቃ የሌላው ቡድን ተከላካይ በጉልበቷ የሰሚሐን ጎን መታቻት። ሮጥሁ፣ ስፕሬይ ነፋሁላት። "ይወጋሻል?" "ትንሽ።" ተነሥታ ጨረሰች። ብሥራት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ቀይ ሥሩን አየኸው?" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 22
ሰሚሐ በር ላይ ጠበቀችኝ። አንገቷን ደፍታ፣ "ጋሼ... ሽንቴ ቀላ" አለች።

"ቀይ ሥሩ ነው።"

"በጣም ነው እኮ የቀላው።"

"ሀኒም እንዲሁ አልቅሳ ነበር፣ ረሳሽው?"

የምትለው ነገር ያላት መሰለኝ። "እሺ" ብላ ሄደች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24
ሰሚሐ ልምምድ ላይ ወደቀች። ፊቷ አመድ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት፤ ቃልኪዳን አብራን ነበረች፣ በአንድ ክፍል ነው የሚያድሩት።

ሐኪሙ ጠየቀኝ። ጎኗን ተመታለች? አዎ። ሽንቷስ? "ቀልቶ ነበር፤ ግን ቀይ ሥር ስለምትጠጣ ነው" አልሁ።

ቃልኪዳን ከኋላዬ፣ "አልጠጣችም" አለች። "ጾም ናት። የእሷን የምጠጣው እኔ ነኝ።"

ወደ ቀዶ ሕክምና አስገቧት።

ረቡዕ፣ የካቲት 25
ግራ ኩላሊቷ ወጣ። በሕይወት አለች። ኳስ ግን ከእንግዲህ የለም።

ዓርብ፣ የካቲት 27
ገብቼ አየኋት። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ዋሸሁዎት" አለችኝ። እሷ! እኔን!

እንዳልጠጣች ያን ዕለት ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅሁ።

"ጾም መሆኔ ቢታወቅ አልሰለፍም ብዬ ነው። ደግሞ እርስዎ ቀይ ሥሩ ነው ሲሉኝ... ለቃልኪዳን ስሰጣት ከንፈሬን ነክቶኝ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ጾሜ ፈረሰ ብዬ ነበር የፈራሁት።"

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ራሴ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ሰዓቴን እያየሁ እውላለሁ። አንድም ቀን "ሰሚሐ፣ አንቺስ?" አላልሁም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3
ብሥራት ጭማቂው ይቀጥል አለ። በሌላ ሰው ይቀጥል አልሁት። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11
ዒድ። ወረታ ሄድሁ። ሰሚሐ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ከስታለች። አባቷ ኑርሑሴን ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አቅፈው ሳሙኝ። "ሆስፒታል አድርሰው ልጄን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት" ይላሉ። መሬት መሬት አየሁ።

ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ በግ ታርዷል። እናቷ ወይዘሮ አስያ ለእኔ ለብቻ ትሪ አመጡ። ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ጎመን ነው። "ሁዳዴ መሆኑን አውቀን በአዲስ ድስት ሠራንልዎ፤ ሥጋ አልነካውም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ነው የጠበቅን። ይብሉ" አሉኝ።

እንጀራውን ቆርሼ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥሁት። ያን ጊዜ ነው የወጣኝ። "ልጅዎ ሽንቴ ቀላ ብላኝ ነበር። ቀይ ሥሩ ነው ብዬ የመለስኋት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ብወስዳት ኖሮ..."

አቶ ኑርሑሴን ልጃቸውን አዩ። ሰሚሐ አቀረቀረች። እናቷ የያዙትን ማሰሮ መሬት አስቀመጡ።

ከዚያ አባትየው ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ዓይኔን ግን አላዩኝም።

"ይብሉ" አሉ፤ "ይቀዘቅዛል።"