የሎርና ፕሩዊት ቀኝ እጅ

ውድ ወንድሜ ክሌይተን፣

እንደምን ሰነበትክ? የአላስካ አየር እንዴት ይዞሃል? ያ ሳልህስ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ደረትህን ይጎትትሃል? የቧንቧ ዝርጋታው ሥራ ወገብህን እንዳይጎዳው ዘወትር እሰጋለሁ። እኛ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። አባባም በቆሎው በድርቁ ቢመነምንበትም እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ይሠራል።

የምጽፍልህ ደስ የሚል ወሬ አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ከጓደኞቼ ከሮዛሊና ከኦዴል ጋር የመኪና እሽቅድምድሙን ልናይ ሄድን። ሎርና ፕሩዊት እንደምትነዳ ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ፎቶዋን ከአልጋዬ በላይ ስለጥፍ፣ «ይቺ ሴትዮ ዘመዳችን ናት እንዴ?» እያልክ ትቀልድብኝ የለ? ከውድድሩ በፊት ሰው መኪኖቹ ወደሚሰናዱበት እንዲገባ ተፈቀደ። ፊቷ ደረስን። ኦዴል ከኋላ ገፋ አድርጎኝ፣ «እሜቴ፣ ይቺ ልጅ እርስዎን እያየች ነው ያደገችው፤ ዛሬ ግን ምላሷ ተቆልፏል» አላት።

ሎርና ሳቀች። እጄን ስዘረጋላት ግራዋን ሰጠችኝ። ቀኙ ባለፈው ዓመት በእሳት ተቃጥሎ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል። «ትነጃለሽ?» አለችኝ። «የወንድሜን መኪና፣ አንዳንድ እሑድ» አልኳት። «እንግዲያው ስሚኝ፤ መፍጠንማ ማንም ይፈጥናል። ሙያው ማቆሙ ላይ ነው» አለች። ባሏ ቨርጅል ጎማ ሥር አጎንብሶ ነበር። ቀና ሳይል፣ «እሱን ለራስሽ ንገሪው። እጅሽ መኪናዋን የሚያቆመውን ፓራሹት መሳቢያ እጀታ አይጨብጥም። ዛሬ ይቅርብሽ፣ ሎርና» አላት። «ቤት ተቀምጬ ምን ልሁን? መጋረጃ ልጠብቅ?» ብላ ትከሻውን ቸብ አደረገችው። ሁላችንም ሳቅን። እሱ ብቻ አልሳቀም።

መኪናዋ እንደ ጥይት ተወነጨፈች። ቀደመች፤ ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበ። ነገር ግን ከኋላዋ ተከፍቶ ሊያቆማት የሚገባው ፓራሹት ሳይከፈት ቀረ። መንገዱን ጨርሳ፣ ለመቆሚያ የተደፋውን አሸዋ ዘልላ፣ ማዶ ካለው የማሽላ እርሻ ገብታ ተገለባበጠች። ጭብጨባው እዚህም እዚያም እየተቆራረጠ ቆመ።

ቨርጅል ሲሮጥ ወደቀ። እኔና ሮዛሊ ደግፈን አነሣነው። «ተከፍቷል አይደል? እናንተ አይታችኋል፤ ተከፍቷል አይደል?» ይለን ነበር። ያ ቀልደኛው ኦዴል እንኳ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀመጡ» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣውም። ሎርና ግን እዚያው መኪናዋ ውስጥ ሞታ ነበር።

ቀብሯ ላይ ቨርጅል ለየኝ። «አንቺ ትነጃለሽ አይደል?» አለኝ። «አዎ» ማለት አቃተኝ።

ክሌይተን፣ መጋቢት ላይ ስትመጣ አዲሱን ሞተር ገጥመን እኔ እንድነዳ ተስማምተን ነበር። በዚያ ብርድ የምትለፋው ለዚያ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልነዳም። ፈሪ በለኝ፣ ተቀየመኝ፣ እችለዋለሁ። አንተም እንዳትነዳ እለምንሃለሁ። እንደ ቨርጅል ቆሜ «ዛሬ ይቅርብህ» ስልህ፣ ስቀህብኝ ስትሄድ ማየት አልፈልግም።

እማማ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች። አባባ «ልብስ ይደርብ» ብሏል። ሮዛሊና ኦዴልም ሰላም ብለውሃል። ትንሿን ልጅህን ቴሳን «አክስትሽ ትስምሻለች» በላትና አንገቷ ሥር ሳምልኝ። ለባለቤትህ ለማሪት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ አንብብላት። ነገሩ ከእኔ ይልቅ እሷን ይመለከታል።

እህትህ ቨርና

ማርሎው፣ ካንሳስ
ነሐሴ 19 ቀን 1976 እ.ኤ.አ.