ሦስት ጊዜ የታጠቡት ጠርሙሶች

ለውድ ልጄ፣

ጤናሽን ጠይቆ መጀመር ወግ ነው፤ ዛሬ ግን አትቀየሚኝና የልጅሽን፣ የትንሿን ላስቀድም። እንቅልፍ ይወስዳታል? ሆዷን መቁረጡ ተወት አደረጋት? መድኃኒቱን ለመዋጥ ታስቸግርሻለች ወይስ ዝም ብላ ትውጣለች? ዝም ብላ ከሆነ የምትውጠው እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። አንቺስ እንዴት ነሽ? ይዘሻት ከሄድሽ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ተንጋዶ ብታይ አትደንግጪ፤ ብዕሩ አዲስ ነው፣ ገና አልተላመድንም።

ሹራቧን በዚሁ ጥቅል ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ የተነቀለውንም ቁልፍ ተክቼበታለሁ።

ሁለት ጊዜ ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በቃል የተነገረ ነገር እንደሚመች ይጠመዘዛል፤ የተጻፈ ግን ይያዛል። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ፣ ያውም በቅደም ተከተል፤ ሌላ አነጋገር እንደማልችል ታውቂያለሽ።

የዛሬ አስራ አራት ወር፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ ከሚያቀልጡበት ግቢ በታች ያሉትን ሰባት የጉድጓድ ውሃዎች አንቺና የላቦራቶሪ ባልደረቦችሽ ልትመረምሩ ስትመጡ፣ ከስድስቱ ናሙና የቀዳችሁት እናንተ ናችሁ። ሰባተኛው የእኛ ነበር። ጎርፉ ድልድዩን ስለወሰደው መኪናችሁ መሻገር አቃተው፤ አንቺም አራት ጠርሙሶች በካርቶን አሽገሽ በእግረኛ ላክሽልኝ። ለባልደረቦችሽ «ከአባቴ እጅ የጸዳ እጅ የለም» ማለትሽን መልእክተኛው ሲነግረኝ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ጠርሙሶቹን አወጣኋቸው። እታች ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ነበረባቸው። «ማን ነው ሳያደርቅ የላከው?» ብዬ ተቆጥቼ ደፋሁት። ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩትን አደረግሁ፤ እያንዳንዱን በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቄ ሞላሁና ከደንኩ፤ ቀንና ሰዓት ጽፌ በቅርጫት ላክሁልሽ። ትንሿ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አባባ፣ ለምን ሁለት ጊዜ አይበቃም?» አለችኝ። «ሁለቴ የሚያጥብ ሰው ሦስተኛው ላይ ሰነፈ ማለት ነው» አልኳት። «አራት ጊዜ የሚያጥብስ?» «እሱ እብድ ነው።» ከት ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ «ጥያቄ» ብለን ያወጣንላት ስም ገና ይገባት ነበር።

በስድስተኛው ቀን ካርቶኑን ላጥፈው ስገለብጥ ከሥሩ ወረቀት አገኘሁ። የእጅ ጽሕፈትሽ ነው። ቃሉ ይኸውና፦

«አባዬ፣ ሦስት ጊዜ ማጠብህን ስለማውቅ ነው የምጽፍልህ። እነዚህን አትጠባቸው። ውስጣቸው ያለው ጠብታ አሲድ ነው፤ ውሃው መንገድ ላይ ሲቆይ ከባትሪዎቹ የሚወጣው የእርሳስ ብረት ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ የሚከላከለው እሱ ነው። እሱ ከሌለ መርዙ እያለ መሣሪያችን ንጹሕ ነው ሊለን ይችላል። እባክህ አንድ ቀን እንኳ እኔ ላስተምርህ።»

ልጄ፣ ወረቀቱን አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ አጥፌ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከተትኩት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «ማጠብ ምን ያበላሻል? ወጣት ሁልጊዜ ያካብዳል» የሚል ነበር። እውነቱ ግን ማፈሬ ነው። አራት ጠርሙስ ድጋሚ ላኪልኝ ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፤ እሷን አጣኋት።

ውጤቱ ሲመጣ ከሰባቱ የእኛ ብቻ ንጹሕ ተባለ። ደወልሽልኝ። «አባዬ፣ ጠርሙሶቹን እንዳሉ ነው የሞላሃቸው?» አልሽኝ። «ደግሞ ለእኔ ጠርሙስ አሞላል ልታስተምሪኝ ነው?» አልኩሽ። ሳቅሽ፤ እኔም ሳቅሁ። አዎም አላልኩም፣ አይደለምም አላልኩም። ተማሪ እንዲህ ብሎ ሲመልስልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

በአጥንት ከሰልና በአሸዋ የሠራችኋቸው የማጣሪያ በርሜሎች ለስድስቱ ጉድጓዶች ተሰጡ። እኛ አላስፈለገንም። እንዲያውም በርሜሎቹ እስኪተከሉ ድረስ የስድስቱ ሰፈር ሰው ጀሪካን እየያዘ ወደ እኛ ግቢ ይመጣ ነበር። እኔም በጣውላ ላይ «ተመርምሮ የተረጋገጠ ንጹሕ ውሃ» ብዬ በዚያ በምትወጅው ጽሕፈቴ ጽፌ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰቀልኩ።

ትንሿ ስትለወጥ ያላየሁ እንዳይመስልሽ። አይቻለሁ፤ ያየሁትን ግን በስሙ አልጠራሁትም። መጀመሪያ ጥያቄዋ ቀነሰ፤ አደብ ገዛች ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ምግብ እምቢ አለች፤ ቀበጠች አልኩ። ከዚያ የሰባት ማባዣ፣ በደንብ የምታውቀው፣ ይጠፋባት ጀመር። ሰነፍሽ ብዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኳት። «አባባ፣ ነበረኝ እኮ፤ አሁን ወጣብኝ» አለችኝ። ሰበብ መሰለኝ። አንድ ጊዜ አይደለም ያቆምኳት፤ አስራ አንድ ጊዜ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

አንቺ መጥተሽ ባየሻት በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድሻት። የደሟን ውጤት ይዘሽ ስትመለሺ አልጮህሽም። ልብሷን ስትሸክፊ መዝገበ ቃላቱ የተቀመጠበትን መደርደሪያ አየት አድርገሽ ፊትሽን መለስሽ፤ ወረቀቱ እዚያ መኖሩን ታውቂ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከበሩ ላይ «አባዬ፣ ራስህን ጠብቅ» ብለሽኝ ወጣሽ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የላቦራቶሪያችሁ ቴክኒሻን ከአንዲት ነርስ ጋር መጣ። ጠርሙሱን ሳያጥብ ሲሞላ አየሁና፣ ምክንያቱን እያወቅሁ፣ «አላለቀለቅከውም እኮ» አልኩት። «መምህር፣ ይኼን የሚያለቀልቅ ሰው ምርመራውን ነው የሚደፋው» አለኝና ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አዘነልሽ። ስሕተቱን ለማጣራት በተደረገው ስብሰባ ላይ «የሰባተኛውን ጠርሙሶች ከመላኬ በፊት ያጠብኳቸው እኔ ነኝ» ብለሽ እንደፈረምሽ፣ ከጥናቱም ስምሽ እንደተሰረዘ ነገረኝ። «እንዲህ ያለ ስሕተት ከእሷ? እኛ አላመንንም» አለ። እኔ ግን ያመንኩ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ይኸውልሽ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ለክፍል ኃላፊያችሁ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ነው፤ ቀኖቹ ሁሉ አሉበት። የእጅ ጽሕፈትሽ ያለበትን ወረቀት ራሱን አያይዤ ላክሁት፤ ቅጂ ማስረጃ አይሆንምና። «አባዬ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ሌላ ወረቀት ቤቱ ውስጥ ስለሌለ፣ ከመላኬ በፊት ቃሉን በቃሌ አጠናሁት። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ያኛው ቀድሞ ደርሶ ይሆናል። ተቆጪኝ፣ ግን እንዳታስመልሺው።

ጣውላውን አወረድኩ። ጉድጓዱ ታሽጓል፤ ውሃ ከታችኛው ሰፈር ማጣሪያ ነው የምቀዳው። ከእኛ ጉድጓድ የጠጡትን ሁሉ ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኳቸው፣ ልጆቻቸውንም እንዲያስመረምሩ። አንዳንዱ ሰደበኝ፤ ተገቢ ነው። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን ግን አልተቆጣችም። «መምህር፣ እኔ ማንበብ አልችልም» አለችኝ፤ «ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው ስላሉኝ ነው ልጆቼን ያጠጣኋቸው።» ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

ነርሷ የእኔንም ደም ወስዳለች። «እጅዎን ቀና አድርገው ይዘርጉልኝ» ብላኝ እጄን አይታ ከቴክኒሻኑ ጋር ተያየች። ውጤቱን ለእኔ ብቻ እንዲልኩ አሳስቤያቸዋለሁ፤ አንቺ የምታስቢላት ልጅ አለሽ።

ይቅርታሽን አሁን አልለምንም፤ ደክሞሻልና መልስ አላስጨንቅሽም። ትንሿን ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። ግድግዳው ላይ ባቆምኳት ጊዜ ሁሉ ትክክል የነበረችው እሷ ነበረች፤ አርሜዋለሁ በያት። ጥያቄ ከጠየቀች፣ አንድም ብትሆን፣ ጻፊልኝ። መልሱን ባላውቀውም ጥያቄውን ማንበብ እፈልጋለሁ።

መርዙ የወሰደባትን ሁሉ ፈጣሪ ይመልስላት፤ ያልተመለሰውንም በሌላ ይካስላት። እናቷን የሚያኮራ ሰው ያድርጋት። አንቺንም ከእኔ ስሕተት በላይ ያቁምሽ።

ሹራቧን በጥቅሉ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቁልፉንም ተክቼበታለሁ።

አባትሽ

ማስታወሻ፦ ወረቀቱን ካገኘሁበት መስመር ጀምሮ ያለውን የጻፍኩት በድሮው ብዕሬ ነው። ልዩነት እንደሌለው ታይዋለሽ፤ ጥፋቱ የብዕሩ አይደለም።