«አረፉ» ያልኩህ ዕለት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

አባባ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ብቻቸውን ወርደው የውጭውን በር ከፈቱ።

ሰላምታዬ ከወሬው ኋላ በመምጣቱ ቅር አይበልህ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው፤ ይህን የምጽፍልህም ደህና ስለሆኑ ነው። ብደውልልህ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ከዚያን ዕለት ወዲህ በስልክ የምናገረውን ቃል አላምነውም።

ግራ ጎናቸው ከተያዘ በኋላ እንዴት እንደነበሩ ነግሬሃለሁ። መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር «ጋቢና» ብለው ሰየሙት። ጠዋት ይገቡበታል፣ ሲመሽ እኔ ደግፌ አወጣቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ መቀመጣቸው አልበቃ ብሎ የማይሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጡ። ጢማቸውን መላጨት ተዉ። የሚጎርሱት እኔ እንዳልቆጣ ብለው ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የለ፣ ቀን መነጫነጭ ነው፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ አላቸው። አንተ በደወልክ ቁጥር «አታድክሚያቸው፣ ይረፉ» ትለኝ ነበር። ሐኪሙ ግን አንድም ቀን ይረፉ ብሎ አያውቅም። እሱ ያለው ይንቀሳቀሱ ነው።

ሐኪሙ የላካትን ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ ጠምደዋት ነበር። በሩ ሲንኳኳ ተቆጣጣሪዋ መጣች ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ከወንበር ብድግ ቁጭ ታሰኛቸዋለች፤ ከዚያ ግድግዳውን እየተደገፉ እስከ ማድ ቤቱ። መሀል ላይ ሊቀመጡ ሲያማትሩ፣ አባቴ እዚህ ጋ ፌርማታ የለም ትላቸዋለች። በእኛ ጊዜ ፌርማታ የሚያውቀው ሹፌሩ ነበር እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ግን ይሄዳሉ። አንድ ቀን ስሸኛት፣ ይህ እንቅስቃሴ ከእግራቸው እኩል ለጭንቅላታቸውም ነው፣ ቆይተሽ ታይዋለሽ አለችኝ። ማጽናኛ መስሎኝ ነበር። ሳይውል ሳያድር ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው አደሩና፣ በነጋታው ምላጭና መስታወት አምጪልኝ አሉኝ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የዚያን ዕለት የደወልከው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ደረጃው አፍ ሄደው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ዘፍ ሲሉ ነው። ዕቃ እያጠብኩ ነበር። እጄ በሳሙና ስለተለወሰ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ፣ እሳቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። አባባስ አልከኝ። አሁን ገና አረፉ አልኩህ። ድምፄ የተንቀጠቀጠው ከደስታ ነበር።

አንተም በረጅሙ ተነፈስክና፣ እሳቸውም ተገላገሉ፣ እኛም ተገላገልን አልክ። ለቀብሩ ለመድረስ መቼ ብትነሣ እንደሚሻልም ጠየቅከኝ። ኧረ ተቀመጡ ማለቴ ነው ስልህ ሳቅክ። መስመሩ አይሰማም አልክ። ሰላም በይልኝ ብለህ ዘጋኸው።

ሰላምታህን አላደረስኩም። ማድረስ አላስፈለገም።

አባባ ሁሉንም ሰምተዋል። ከዘራዬን አቀብዪኝ አሉኝ። ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ ተነሥተው እንደገና እስከ ደረጃው ሄዱ። ሲመለሱ አረፍ ይበሉ እንጂ ብላቸው፣ ቁጭ ይበሉ በይኝ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት የሚያርፍ ሰው የለም። ይቀመጣል፣ ጋደም ይላል፣ ይተኛል እንጂ አያርፍም።

አሁን ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ይነሣሉ። የእግራቸው እብጠት ጠፍቷል። የደም ግፊታቸው ወርዶ ሐኪሙ አንዱን መድኃኒት አስቁሟቸዋል። ድሮ የሚነዱበትን መስመር ፌርማታዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠሩልኛል። ታች ያለችው ልብስ ሰፊ ደረጃው ላይ ስታያቸው፣ ሹፌር ዛሬማ ዘገዩ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም፣ መንገዱ ተዘጋግቶብኝ ነው ይሏታል። ይህን ሁሉ እያየሁ ደስታዬ ሙሉ በሆነ ነበር። ተቆጣጣሪያችን፣ እንዲህ በእልህ የሚራመድ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ይህን እልህ ከየት አመጡት ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

ባለፈው የላክኸውን መልእክት አንብቢልኝ ስላሉኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። በአረጋውያን ማረፊያው ክፍል እንዳገኘህላቸው፣ እሑድ መጥተህ እንደምትወስዳቸው፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ የማይችል ሰው ፎቅ ላይ ምን እንደሚሠራ የጻፍከውን ሁሉ። «ማረፊያ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። ፖሊስ ሰው የሚያቆይበት ነው ወይስ የመጨረሻው አሉ። ሳቁም። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አትምጣ አልልህም፤ ቤቱ የአባትህ ነው። ክፍሉን ተወው ወይም ያዘው ማለትም የእኔ ፋንታ አይደለም። መንገዱን ያቅናልህ። ጉልበትህን ይጠብቅልህ። በስተርጅናህም ትንፋሽህን ሲሰሙ ደስ የሚላቸው ልጆች ያድርግልህ።

እሑድ የበሩን ደወል ስትደውል ግን ለመክፈት እኔ አልወርድም። አባባ ትናንት ከበሩ ሲመለሱ ቁልፉን መስቀያው ላይ አልመለሱትም፤ ኪሳቸው ከተቱት። እሱ ሲመጣ ወርደው ይከፍቱለታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው፣ እሱ እሑድ ይታያል፣ መውረዱንስ እችላለሁ አሉኝ።

ታናሽ እህትህ