በጨርቅ የተሸፈነው ድንጋይሽ

ውድ አኒባ፣

ባለፈው ሳምንት ወደቡ ላይ አንድ ጎረምሳ ለጓደኛው፣ «ያቺ አሮጊት ድንጋዩ ላይ እንደ ዶሮ ከተቀመጠች ሰነበተች፤ ሳይፈለፈልላት አትነሳም» ሲለው ሰማሁ። ነገሩን አሰብኩበት። ተነስቼም ከስር አየሁ። ምንም አልተሰነጠቀም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አሮጊቷ እኔ ነኝ፤ ድንጋዩ የመቃብርሽ ነው። ከዋናው የአውስትራሊያ ምድር፣ ከኬርንስ ከተማ፣ በጭነት መርከብ ወደ ደሴታችን መጥቶ፣ በጆንያና በገመድ እንደ ተጠቀለለ መጋዘኑ ጥላ ስር አረፈ። ከቀበርንሽ ሁለት ዓመት ስላለፈ፣ እንደ ደሴታችን ወግ መቃብርሽ ላይ ቆሞ የሚለብሰው ጨርቅ ተነስቶ ድንጋይሽ የሚገለጥበት ቀን ቅዳሜ ተብሎ ተቆርጦ ነበር። እስከዚያ ማንም እንዳያነበው መጠበቅ ነበረብኝ። ማንም ስል ወንድምሽን ታኑን ማለቴ ነው።

ታኑን ታውቂዋለሽ። ዲያቆን ከሆነ ወዲህ ሲያስነጥስ እንኳ አሜን እስኪባልለት ይጠብቃል። ከፋሲካ በኋላ ቤቴ መጣና ድንጋይሽ ላይ የሚጻፈውን በቃሉ ነገረኝ፦ «ታማኝ ሚስት፣ ደግ እናት፣ የመዘምራን አባል።»

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላ ምን አለ?»

«ሃምሳ ዓመት የዘፈነችው አለ።»

«ሳቢና፣ መስቀል ስር የመጠጥ ቤት ነገር አይጻፍም።»

«እንግዲያው ሚስትነቷን ለእኔ ተወው፤ ያገባችው ወንድሜን ጋቤን ነው። እሱ ዕንቁ ፍለጋ ባሕር ስር፣ እሷ ሲድኒ መድረክ ላይ። ሁለቱም ቤት የሚመጡት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነበር። እናትነቷንም ለእኔ ተወው። ልጇን ሌናን ያሳደግኳት እኔ ነኝ።»

ይህን ስል እየከሰስኩሽ አይደለም። ልጅሽን ያሳደግኩት ወድጄ ነው፤ አንቺም በየከተማው የዘፈንሽው ወደሽ ነው። ሁለታችንም የወደድነውን ሠርተን አረጀን፤ ይህ ለስንቱ ይደርሰዋል? ግን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስሠራ ያላነበብኩት የታሪክ መጽሐፍ የለም፤ ነገሥታት ሲሞቱ ያልሠሩትን ድንጋያቸው ላይ ይጽፉላቸዋል። የሠሩትን ሊፍቁ የተነሱት ግን በአንቺ ላይ ብቻ ነው።

ታኑ ሊያግባባኝ ሞከረ። «ዘማሪት እንበላትና ይብቃ።»

«ዘማሪት ነበረች፤ እሑድ እሑድ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜስ?»

«በመጨረሻ ንስሐ ገብታለች። እዚህ ከተመለሰች ወዲህ አንድም ቀን ያን ዘፈን አልዘፈነችም።»

ንስሐ አይደለም፤ መሐላ ነው። እናታችሁ በዚህች ደሴት መሬት ላይ ብሉዝ የሚሉትን የትካዜ ዘፈን እንዳትዘፍኚ መጽሐፍ አስይዛ አስምላሽ ነበር። ስንት ውል ያፈረስሽ ሴት፣ ይህን አላፈረስሽም። በየገናው ስትመጪም፣ አርጅተሽ ጠቅልለሽ ስትገቢም፣ ድስት እያጠብሽ እንኳ አላንጎራጎርሽም። አንዴ «ምነው ትንሽ ብትይልኝ?» ብልሽ፣ «ማይክሮፎን የለም» አልሽኝ።

ለታኑ ግን ይህን አላልኩትም። «ለመሆኑ ሰምተሃት ታውቃለህ?» አልኩት።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ...»

«እዚያማ የቄሱ ውሻም ሰምቷታል። ማይክሮፎን ይዛ፣ ከኋላዋ ከበሮና ፒያኖ እየተመታ ሰምተሃታል?»

ኮፍያውን ጭኑ ላይ ገለበጠው።

«ያልሰማ ዳኛ አይፈርድም» አልኩት። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ መቀመጥ አቃተው።

«እኔ ወንድሟ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ለዚህ ነው የማያገባህ።»

እውነቴን ነው። የሞተውን የሚያጥበው፣ ጉድጓዱን የሚቆፍረው፣ ድንጋዩን የሚያሠራውና የሚያቆመው አማች ነው። የሥጋ ዘመድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ እጁን አያነሳም። አባቶቻችን ይህን ሲደነግጉ ኀዘንተኛውን ከድካም ለማዳን ነው ይባላል። እኔ ግን ከወንድሞች ለማዳንም ይመስለኛል። በማግስቱ ኬርንስ ላለው ድንጋይ ጠራቢ ስልክ ደወልኩ።

የሚጻፈውን ፊደል በፊደል ሳስይዘው ያ የነገርሽኝ የብሪዝበን ከተማ የክለብ ባለቤት ትዝ አለኝ። አንገትሽ ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ፣ «ከሃዋይ ነው የመጣሁት በይ፤ የዚህ አገር ጥቁር ብሉዝ ሲዘፍን ማን ብሎ ይሰማል?» አለሽ። አንቺም መድረኩ ላይ ወጥተሽ ጉንጉኑን አወለቅሽና ፒያኖው ላይ አኖርሽ። «እንደምን አመሻችሁ። ተርስዴይ ደሴት ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ሃዋይን በካርታ አይቻታለሁ።» ሰውዬው መብራቱን አጠፋብሽ። በጨለማ ቀጠልሽ። ፒያኖ ተጫዋቹ ቁልፎቹን በዳበሳ እየፈለገ ተከተለሽ፤ ከታች ያሉት ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። ሥራሽን በማግስቱ አጣሽ።

ሜልበርን ላይ አንዱ ጋዜጠኛ ድምፅሽ የዛገ በር ይመስላል ብሎ ቢጽፍ፣ «የዛገ በር ሲከፈት ዞሮ የማያይ የለም» አልሽ። እዚያው የቀረጽሽው ሸክላ፣ አንድ ለናቱ ነው፣ በፖስታ ሲደርሰኝ ተሰባብሮ ነበር። በሙጫ አጣብቄ ከማቀዝቀዣው በላይ ሰቀልኩት። ስምሽ ይነበባል። ስታረጂ ደግሞ «ወጣቶቹ መጥተዋልና ቦታ ልቀቂላቸው» ቢሉሽ፣ «እሰይ፣ እንግዲያው ወንበር ያምጡልኝ» ብለሽ ተቀምጠሽ ዘፈንሽ። በወንበር ላይ ያለፈው ዘመንሽ የአንዳንዱን ዕድሜ ልክ ያክላል።

ቅዳሜ ደረሰ። ቄሱ ባረከ። እኛ አማቾች ጨርቁን በየተራ ገፈፍን፤ መጀመሪያ ቢጫውን፣ ቀጥሎ ቀይ አበባ ያለበትን። የመጨረሻውን ነጩን የሳብኩት እኔ ነኝ።

አኒባ
የብሉዝና የጃዝ ዘፋኝ
የዚህች ደሴት ልጅ

ሌና ከምንጣፉ ላይ ጮክ ብላ አነበበችው። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ደግሞ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ያንቺው ነው። ታኑ ሊነሳ ጉልበቱን ሰበሰበ። አሮጊቷ አክስታችሁ ሱሪውን ይዛ ወደታች ጎተተችው።

«ቁጭ በል። የሥጋ ዘመድ ነህ።»

ቁጭ አለ።

ግብዣው ላይ፣ መሬት ውስጥ በጋለ ድንጋይ የበሰለው አሳማ ከወጣ በኋላ፣ ታኑ የኤሊ ሥጋ ያለበት ሳህኑን ይዞ አጠገቤ መጣ። ለጠብ ነው ብዬ አንደበቴን አሰናዳሁ።

«ያልሰማ አይፈርድም ብለሽኛል» አለ።

«ብዬሃለሁ።»

«እስቲ ንገሪኝ። እዚያ ስትዘፍን እንዴት ነበረች?»

ፊቱን አየሁት። የምሩን ነው። ስለዚህ ነገርኩት። ድምፅሽ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ሰዉን ወደፊት እንደሚያስጎነብስ፣ ከዚያ ማዕበል ጀልባን እንደሚያነሳ ደረትን እንደሚያነሳ፣ በጨለማው ክለብ ውስጥ ብርጭቆ የሚያነሳ አንድ ሰው እንኳ እንዳልነበረ። ሌና ልጆቿን ይዛ ተጠጋች። ሰዎች ሳህናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ሊጨፍሩ ቅጠል የታጠቁት ወንዶች ከበሯቸውን ብብታቸው ስር ይዘው ቆመው ሰሙ።

«መብራቱ ጠፍቶም ቀጠለች?» አለ ታኑ።

«ቀጠለች።»

«ግትር። ቁርጥ እናታችንን።» ይህን ብሎ ሥጋውን በላ። ስለ ድንጋዩ ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

ቢያነሳም ግድ የለኝም። ድንጋይን ለመንቀልም አማች ያስፈልጋል፤ አማቾቹን የምጠራው ደግሞ እኔ ነኝ። ቃል እገባልሻለሁ፦ እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚያ ላይ አንድ ፊደል አይፋቅም። የሌና ትንሿ ልጅ ትናንትም መጥታ «የመብራቱን ንገሪኝ» አለችኝ፤ ነገርኳት። ነገም ብትመጣ እነግራታለሁ፤ ማንም ቢጠይቅ እነግራለሁ።

እኔም ካንቺ አፍ፣ አኒባዬ፣ መዝሙር እንጂ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም።

የባልሽ እኅት፣
ሳቢና